ሞተሩን እየገፋ ይምጣ

በዓለም ላይ ፈጣን ከሚባሉት ሞተር ሳይክሎች አንዱ ከቡሬ ተነስቶ እኛ ሰፈር እስኪደርስ ሙሉ ቀን ፈጀበት። መኪና ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ነው። ሙሉ ቀን እንዲፈጅበት የፈረድኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሰዎች ታሪኩን አሳምረው «ይቅር ባይዋ እህት» እያሉ ሲያወሩት ስለሰማሁና ስለተናደድኩ ነው። እስቲ የሆነውን ከእኔው ስሙት።

የሺ እባላለሁ። ያኔ ፍኖተ ሰላም አንድ ማደያ ውስጥ ነዳጅ እቀዳ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ቤታችን ግን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ማንኩሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። የነበርነው እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ጌታነህ ነን። ጌቴ ነበር የምንለው። በኪራይ ሞተር ከገጠር ወደ ገበያ ሰው ያመላልስ ነበር።

ጌቴ ሞተር ይወድ ነበር ብል ቃሉ ያንስብኛል። ስልኩ ውስጥ የዘመድ ፎቶ ብትፈልጉ አታገኙም፤ በዓለም ፈጣን የሚባሉትን ሞተሮች ግን ከነቀለማቸው ደርድሯቸው ነበር። ምግብ ቀርቦ እንኳ ስልኩን ወደ እኔ ያዞራል።

«እታለም፣ ይቺን እያት። ፊቷ ላይ ክንፍ አላት።»

«ክንፍ ካላት ለምን አትበርም?»

«ክንፉማ እንዳትበር ነው! ስትፈጥን ከመሬት እንዳትነሳ ወደ ታች ይጫናታል።»

«ያንተዋንስ ምን ይጫናታል?»

«ኩንታል ጤፍና የጤፉ ባለቤት!» ይልና እናቴ ሳትቀር እንስቃለን።

እንግዲህ አንድ ከሰዓት በኋላ ከነዚያ ስልክ ውስጥ ካሉት ሞተሮች አንዱ በእግሩ ማደያችን ገባ። ጥቁር ነው፤ ፊቱ ላይ እውነትም ክንፍ አለው። ነጂው አቤል ይባላል። አባቱ ቡሬ የታወቀ ነጋዴ ነው፤ ልጁ ኑሮው አዲስ አበባ ነው፤ ወላጆቹን ሊጠይቅና ሞተሩንም ሊያሳይ እየመጣ ነበር። ሰው ከበበው። እኔ ታንከሩን ከፍቼ ቤንዚን እየሞላሁለት ሳለ ጌቴ ሰው አድርሶ ሲመለስ አየው። ፊቱ ምን እንደመሰለ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

«ወንድም፣ በእግዚአብሔር፣ አንዴ ብቻ ልቀመጥባት?» አለው።

አቤል የራስ ቁሩን መስታወት ከፍ አደረገና «ይሄ እኮ ተራ በተራ የሚወጡበት አህያ አይደለም ብሮ» አለው። ሰው ሳቀ። ሳቁ ሲበዛለት ጨመረበት። «እሺ በቃ፣ ተከተለኝ። ከደረስክብኝ እስከ ቡሬ ራስህ ትነዳታለህ።»

«ጌቴ ተው!» አልኩ።

ጌቴ አልተቀየመም። ቅያሜ አያውቅም ነበር። «እታለም፣ ቀልዱን መሆኑን አውቃለሁ። ድምጿን ብቻ እስከ መታጠፊያው ልስማው» ብሎኝ ሄደ።

በመንገድ ዳር የነበሩ ሰዎች በኋላ ነገሩኝ። አቤል ዝም ብሎ ጥሎት አልሄደም። ፍጥነቱን እየቀነሰ ያስጠጋዋል፤ ጌቴ ሊደርስበት ሲል ይፈተለካል፤ ደግሞ ያዘግማል፤ ደግሞ ያስጠጋዋል። ከእኛ ሰፈር በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ያ ጥቁር ሞተር ታጥፎ አለፈ። የወንድሜ የኪራይ ሞተር ግን አልታጠፈም። አቤል ወደ ኋላ ሳያይ ቡሬ ገባ።

ፖሊስ አጣራ፤ «አልነካውም» ተባለ። እውነት ነው፣ አልነካውም። ሕጉም በዚያው አበቃ። እኔ ግን ማደያ በገባሁ ቁጥር ያ ፓምፕ ፊቴ ይቆማል። ወንድሜን የገደለውን ሞተር በገዛ እጄ ነው የሞላሁት።

በአገራችን ወንድ ልጅ ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ ፈረሱ በኮርቻው ተጊጦ፣ የሟቹ ልብስ ተጭኖበት ይዞራል። አልቃሹም ፈረሱን እያየ ያለቅሳል። ጌቴ ፈረስ አልነበረውም። የኪራዩ ሞተርም ተጨፍልቋል። እናቴ ባዶውን ሜዳ እያየች «ለልጄ የሚዞርለት ጠፋ? ኧረ የሚዞርለት!» እያለች ደረቷን ደቃች። ከዚያ ወዲያ ከመደቧ አልተነሳችም። እኔ በዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ የወንድሜን ደም ሳልመልስ ከእንግዲህ እህል እንዳይጣፍጠኝ ማልኩ።

አጎቴ አያ ይግዛው የእናቴ ወንድም ነው። ብዙ አይናገርም። ከቀብር እንደተመለስን ጠመንጃውን አውርዶ ወለወለና «ልጁ ሁልጊዜ አዲስ አበባ አይኖርም» ብቻ አለኝ። የአቤል አባት ይህን ሳይሰማ አልቀረም፤ ደም አድራቂ ሽማግሌ ላከ። ሁለቴ መጡ፤ ሁለቴ መለስናቸው። በሦስተኛው አባትየው ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ላይ ተንበረከከ። የሽማግሌዎቹ ዋና መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ፤ ቅኔ ያስተማሩ፣ ብዙ ደም ያደረቁ ሰው ናቸው።

«የሺ ልጄ፣ እናትሽ ቃሉ የየሺ ነው ብላለች። ምን ይሁንልሽ?» አሉኝ።

አስቤበት ነበር። «ድንጋይ አልፈልግም፣ መሪጌታ። የገደለበትን ይዞ ይምጣ። ከቡሬ እስከ ሚካኤል ደጅ ሞተሩን በእጁ እየገፋ ይምጣ። እንዳይቀመጥበት፤ እንዳያስነሳው፤ ማንም እንዳያግዘው። ለምን እንደሚገፋ ለጠየቀው ሁሉ እውነቱን ይናገር። በአርባው ዕለት ጀምበር ሳትጠልቅ ይድረስ።»

«ቁልፉን ማን ይያዘው?»

«ቁልፉ ሞተሩ ላይ እንደተሰካ ይሁን።»

ሽማግሌዎቹ ያመንኩት መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ ይግዛው ግን ቀና ብሎ አየኝ፤ ገብቶታል። ያ ልጅ በሕይወቱ ነገር ሁሉ በቁልፍ የሚነሳለት ልጅ ነው። አንድ ዳገት ላይ ሲደክመው ያስነሳዋል። ያን ጊዜ እርቁ ፈረሰ፤ እሱ ራሱ አፈረሰው። ከዚያ በኋላ በአያ ይግዛውና በእሱ መካከል የሚገባ ሽማግሌ የለም።

መሪጌታም «መልካም። እኔም አንዲት ነገር ላክል። ከሟች ወገን አንድ ሰው ወዶ ሞተሩን ይዞ ካገዘው፣ መንገዱ እዚያው አለቀ፤ እርቅ ወረደ» አሉ።

ሳቄ መጣ። «ከእኛ ወገን? ካገዝኩት እጄ ይቆረጥ!»

«እኔ አንቺ አልኩሽ?» አሉ መሪጌታ።

የአርባው ዕለት ጎህ ሲቀድ ቡሬ ነበርኩ። አቤል ሞተሩን ይዞ ከአባቱ ደጅ ወጣ። ነጭ ጫማ አድርጓል፤ ፀጉሩን ተላጭቷል። እናቱ ግቢ ውስጥ ሆና ታለቅሳለች። እያየኋት «እሺ፣ አንቺም ቅመሽው» አልኩ በልቤ። ሽማግሌዎቹ በበቅሎ ራቅ ብለው ተከተሉ፤ እኔ ከኋላው፣ የቁልፉ ማንጠልጠያ ሲወዛወዝ እስከሚታየኝ ድረስ ተጠግቼ እሄድ ነበር።

ያ ሞተር ከሁለት ኩንታል ይበልጣል። ሲሮጥ ነው እንጂ ቀጥ የሚለው፣ ሲገፋ እንደ ሰካራም አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ነው የሚወድቅ። ከከተማው ሳንወጣ የልጁ ጀርባ በላብ ራሰ። ደግሞ የአገሬ ሰው የቆመ መኪና አይቶ አያልፍም። አንድ ፒክ አፕ የሚነዳ ሰውዬ ቆመና «ምን ሆነህ ነው? ና ጫነው!» አለው።

አቤል ወደ እኔ ዞር አለና «ነዳጅ አልቆ ነው» አለ።

«ነዳጁንማ እኔ ነኝ የሞላሁልህ» አልኩት።

ፊቱ ደም መሰለ። ሰውዬው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። አቤል መሬት መሬት እያየ «ሰው ሞቶብኝ ነው» አለ።

«ሞቶብህ?»

«ገድዬ» አለ፣ ድምፁ ሳይሰማ። ሰውዬው አማተበና መኪናውን አንቀሳቀሰ። እኔ ያን ቃል ሳልጠግበው ሄደብኝ። ስለዚህ የሚቀጥለው ሰው እስኪመጣ ጓጓሁ። ብዙ መጡ። ባለ ጋሪው ጠየቀው፤ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ጠየቁት፤ አንድ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ጠየቁት። ለሁሉም «ሰው ገድዬ ነው» አለ። እያንዳንዷን እንደ ጠላ እየጠጣሁ ሄድኩ።

ማንኩሳ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ወጣቱ ሁሉ ሞተሩን አውቆታል፤ ስልክ እያወጣ ከበበው። አንዱ «ይቺ እኮ በሰዓት ሦስት መቶ ትገባለች!» ሲል ሌላው «አሁን ስንት ገባች?» አለና ተሳሳቁ። አቤል ያን ሳቅ ሰማው። ማደያው ውስጥ ሰው ወንድሜ ላይ የሳቀው ሳቅ ነው፤ አሁን ዞሮ እሱ ላይ መጣ። አንዲት ሴት ውሃ ሰጠችው፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ትንሽ ልቀመጥ? ሞተሩ ላይ አይደለም፣ መሬት ላይ።»

«እህቴ አትበለኝ። እህቱ የነበርኩት ልጅ መሬት ውስጥ ነው።»

ተቀመጠ። ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ከተረከዙ ጋር ተጣብቋል። እዚያው ወርውሮት በባዶ እግሩ ተነሳ። ትንሽ እንደሄድን ሳልጠይቀው ማውራት ጀመረ።

«በመስታወት አየሁት» አለ። «ለፖሊስ አላየሁም ያልኩት ውሸቴን ነው። ሲወድቅ አይቼዋለሁ። ልመለስ ብዬ ነበር፤ እጄ ግን ነዳጁን ጨመረ። ፈራሁ በቃ።»

ወንድሜን ሰዎች ከቦዩ ሲያነሱት ትንፋሽ ነበረው፤ መኪና እስኪገኝ ነው ያለፈው። ያ የሚበር ሞተር ቢመለስ ኖሮ ሆስፒታል ለመድረስ ምን ይፈጅበት ነበር? ያን ጊዜ ልጁን በጥርሴ ብዘለዝለው አልጠግብም ነበር። «ገፋ አድርግ» አልኩት።

ጀምበር ወደ ማዘቅዘቋ ላይ የመጨረሻዋ ዳገት ሥር ደረስን። ረጅም አይደለችም፤ ግን ቀጥ ያለች ናት። ከዳገቷ ጫፍ መታጠፊያው ነው፤ ጌቴ የወደቀበት። ከመታጠፊያው አለፍ ሲሉ ሚካኤል። ጫፉ ላይ ያለው ዋርካ ሥር አያ ይግዛው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ለአርባው የመጣው ሰውም ዳር ዳሩን ቆሟል።

አቤል ገፋ። ትንሽ ወጣ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሳበው። ደግሞ ገፋ። የባዶ እግሩ ደም አስፋልቱ ላይ ይታተማል። እኩሌታው ላይ ፍሬኑን ይዞ ቆመና ራሱን መሪው ላይ ደፋ። ሽማግሌዎቹ ከታች ናቸው፤ አይሰሙም። እኔ ተጠጋሁትና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ቁልፉ እኮ አለ» አልኩት።

ራሱን ከመሪው ሳያነሳ ወደ ቁልፉ አየ።

«አንዲት ጣትህን ብቻ። ጀምበሯ ልትጠልቅ ነው። በእጅህ አትደርስም። አስነሳው፤ በአንዴ ጫፍ ላይ ትሆናለህ፤ ከዚያም ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም አዲስ አበባ። ማን ይደርስብሃል? በዓለም ፈጣኑ ሞተር እኮ ነው።»

እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ። አዞረው፤ መሪው መሐል ባለው መስታወት ላይ መብራቶች በሩ፣ ያቺ የፍጥነት መርፌ እስከ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። ቀና ብዬ አያ ይግዛውን አየሁት፤ ተነስቷል። የቀረችው ሞተሩን የምታስነሳዋ ቀይ መጫኛ ናት።

አቤል ወደ ዋርካው አየ፤ ጠመንጃውን አየ፤ እኔን አየ። «ቁልፉ ይሰካ ስትይ ጀምሮ ለዚህ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ቁልፉን መልሶ አጠፋው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ከመቀመጫው ሥር አግብቶ ገፋ። ሁለት ጊዜ ተራመደ፤ በደም የራሰ እግሩ አዳለጠው። ሞተሩ ዘነበለና ተኛበት። ጉልበቱ ከሥር ነው። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ መንካት አይችሉም። እኔም እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ ቆምኩ። ወንድሜ ከዚህ ከፍ ብሎ ነበር የወደቀው። «ቅመሳት» አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ያን ጊዜ ሰዉ መሐል ለመሐል ተከፈለ። እናቴ ከዳገቱ ጫፍ ትወርዳለች። ከለቅሶው ወዲህ ከመደቧ ያልተነሳችው እናቴ፣ በባዶ እግሯ፣ የጌቴን ጃኬትና ኮፍያ ደረቷ ላይ አቅፋ። መጥታ እላያችን ላይ ቆመች። አቤልን አላየችውም፤ ያየችው ሞተሩን ነው። ጎንበስ ብላ ክንፉን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ይቺ ናት? ክንፍ ያላት?» አለችኝ።

«እምዬ ተመለሺ! አትንኪው! መሪጌታ ያሉትን ረሳሽው?»

«ምኑን እረሳዋለሁ? ጆሮዬን አሞኛል ተባለ?» አለችና ጃኬቱን መቀመጫው ላይ ጣል አድርጋ መሪውን ያዘች። «ልጄ ሜዳው ባዶ ሆኖበት ነው የተቀበረ። ዛሬ አርባው ነው። ፈረሱ ደጄ ደርሶ ሳለ ጀምበር ታጠልቂብኛለሽ? ተነስ አንተ! ከዚያ በኩል ያዝ!»

አቤል ከሥር እየተሳበ ወጣ። ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘው አነሱት። ከታች መሪጌታ በበቅሏቸው ላይ ሆነው «ወረደ! እርቅ ወረደ!» ብለው ጮኹ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እዚያው ቀረሁ። በዚያች ሰዓት ከአቤል ይልቅ እናቴን ጠላኋት። ቀኑን ሙሉ ያበሰልኩትን በቀል ከእሳቱ ላይ አንስታ ለሌላ ነገር አዋለችው። አያ ይግዛው ጠመንጃውን አንግቶ፣ እህል ሳይቀምስ፣ በእርሻው መሐል አቋርጦ ሄደ።

ሚካኤል ደጅ ያለው ሜዳ ላይ ሰው ክብ ሠራ። የጌቴ ጃኬት መቀመጫው ላይ፣ ኮፍያው መሪው ላይ ሆነ። አቤል እንደ ልጓም መሪውን ይዞ፣ እያነከሰ፣ በለቅሶ እርምጃ ያን ሞተር በክቡ ውስጥ አዞረው። እናቴ ከፊቱ ሆና ሙሾ አወረደች፦

ፈረስ የለው ብለው እንዳያሙህ ሰዎች፣
ገዳይህ ሳበልህ በሁለቱም እጆች።

ሰው ተላቀሰ። አቤልም አለቀሰ፤ ገዳይህ ስትል ግን ቀና አላለም። ሲጨርሱ እናቴ ቆመችና «ድምጿን አሰሙኝ። ልጄ ድምጿን ልስማ ብሎ ነው የሄደ» አለች።

መሪጌታ ለአቤል «እርቁ ወርዷል፤ አስነሳላት» አሉት። አቤል ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ «አባቴ ይሙት፣ እኔ አልነካትም» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«የሺ» አለች እናቴ።

እሱ ያዙረው ብዬ እንዲሰካ ያደረግሁትን ቁልፍ እኔ አዞርኩት። ቀዩን ተጫንኩ። ያ ሞተር አጓራ። ከባሕር ዛፉ ላይ ወፎቹ በሙሉ ተነሱ፤ ድምፁ በእጄ ገብቶ ጥርሴን አንቀጠቀጠው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። እኔም ሰማሁ። ጌቴ እውነቱን ነበር፤ ያምራል። ይህን ማመን ከሁሉ በላይ አቃጠለኝ። እስኪበቃት ጠብቄ አጠፋሁት።

መሪጌታ «በይ እንግዲህ፣ ቃልሽን ስጪን» አሉኝ። «ደሙን ትቻለሁ» አልኩ። «ይቅር ግን አላልኩም።» እሳቸውም አላስገደዱኝም፤ ለዛሬ ይህ ይበቃል ብለው ባረኩን።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች «ይቅር ባይዋ እህት» የሚሏት ይቺ ናት። ምን ለወጠሽ ብትሉኝ፣ አያ ይግዛው የዚያን ቀን ቢተኩስ ኖሮ ነገሩ በአንዲት ጥይት አልቆ ነበር፤ አቤልም ተገላግሎ፣ እኔም ከእናቱ ጋር ደም ተቃብቼ። ቂም ካላችሁ አትቸኩሉ የምላችሁ ለዚህ ነው። ከእናንተ ወገን ደግሞ ማን ከመደቡ እንደሚነሳ አታውቁም።

በዓመቱ አቤል መሪጌታን ልኮብኝ ነበር። ሞተሩን በመኪና አስጭኖ ወስዶ አዲስ አበባ ግቢው ውስጥ አቁሞታል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነዳም። ጠዋት ሲወጣ ያየዋል፤ ማታ ሲገባ ያየዋል። «ሸጬ ልገላገለው፣ ይፈቀድልኝ» ነው መልእክቱ።

«አይሸጥም» አልኩ። «እስካለሁ ድረስ ደጁ ላይ ይቁም።»

መሪጌታ ለመሄድ ተነሱና ጠየቁኝ። «ለምን ልበለው ልጄ?»

«ወንድሜ እስኪደርስበት ይጠብቀው በሉት።»